ለጀማሪ የስቶክ ካር ተወዳዳሪ የሚሻለው ታሽጎ የሚመጣ ክሬት ሞተር ነው ወይስ በባለሙያ የተሠራ ሞተር?

ጥያቄ — አሌክሳንድርያ ጋራዥ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በሰሜን ቨርጂንያ ሲሆን መተዳደሪያዬ የመኪና ጥገና ነው። ከልጄ ጋር ቅዳሜ ማታ ወደ ሐገርስታውን፣ ወደ ዊንቸስተርና ወደ ፖቶማክ እየሄድን በአፈር መም ላይ የሚካሄዱትን የስቶክ ካር (የመንገድ መኪና ቅርጽ ያላቸው የውድድር መኪኖች) ውድድሮች ለዓመታት ስንከታተል ከቆየን በኋላ፣ በመጪው ወቅት እኛም ለመሰለፍ ቆርጠናል። ሞተር የሌለው፣ ነገር ግን ቻሲሱ ደህና የሆነ ያገለገለ፣ ሌት ሞዴል የሚባለው ዓይነት የውድድር መኪና ገዝተን ጋራዥ አስገብተናል።

የቀረን ሞተሩ ነው፤ ለዚህም ሁለት አማራጮች ቀርበውልናል። አንደኛው ጀነራል ሞተርስ በፋብሪካ ሠርቶ፣ ውስጡ እንዳይነካ በማኅተም ብሎን አሽጎ የሚሸጠው፣ ተወዳዳሪዎች በክፍል ቁጥሩ የመጨረሻ አኃዞች 602 እያሉ የሚጠሩት ክሬት ሞተር ነው፤ ለአንድ ወቅት ያህል አገልግሏል። ሁለተኛው ከውድድር በመውጣት ላይ ያለ ሰው የሚሸጠው፣ 350 ኪዩቢክ ኢንች የነበረ የሼቭሮሌ ብሎክ ሲሊንደሮቹ በ0.030 ኢንች ሰፍተው 355 የሆነ፣ በሞተር ሠሪ የተዘጋጀ ሞተር ነው። ባለቤቱ በዳይኖ (በሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ላይ ተለክቶ ከክሬቱ በብዙ የሚበልጥ ጉልበት እንዳሳየ ይናገራል፤ የሚጠይቀው ዋጋ ግን ከክሬቱ ብዙም አይርቅም።

ሞተር አውርዶ መግጠም የዕለት ሥራዬ ስለሆነ ልቤ የሚያደላው ወደ ሁለተኛው ነው፤ ፈትቼ የማላየውን ሞተር መግዛትም ይከብደኛል። መሪውን የሚይዘው ልጄ ግን ክሬቱን ይመርጣል። አቅማችን ውስን ስለሆነ፣ ለሞተር የምናወጣው ገንዘብ የጎማውን በጀት ከነካብን ወቅቱ ሳያልቅ እንዳንቆም እሰጋለሁ። በዚህ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ሐሳባችሁን ብታካፍሉን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ 1 — የአፈር መም

ሰላም ለእርስዎና ለልጅዎ። በጆርጂያ የአፈር መሞች በክሬት ሌት ሞዴል ክፍል ለረጅም ጊዜ የተወዳደርኩ ነኝና፣ ከሞተሩ በፊት ስለ ክፍሉ፣ ማለትም መኪኖች በደንብ ተለይተው ስለሚወዳደሩበት ምድብ፣ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። የትኛውም ሞተር ጥሩ ወይም መጥፎ የሚሆነው በሚሰለፍበት ክፍል ደንብ ነው። እርስዎ የገዙት የሌት ሞዴል ቻሲስ ነው፤ በብዙ ቦታዎች ደግሞ ክሬት ሌት ሞዴል ተብሎ የሚጠራው ክፍል የሚሮጠው በ602 ሳይሆን በታላቅ ወንድሙ በ604 ነው።

የሁለቱን ልዩነት በዝርዝር ማወቅ ይጠቅምዎታል። 602 በፋብሪካው ልኬት 350 የፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚሰጥ፣ ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚዘጋው ራስ) እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ የጭነት መኪኖች የመጣው ቮርቴክ የተባለው የብረት ቴስታታ የሆነ፣ የኮምፕሬሽን መጠኑ (በሲሊንደሩ ውስጥ አየርና ነዳጅ የሚጨመቅበት ልክ) 9.1 ለ1 ገደማ የሆነ ሞተር ነው። 604 ደግሞ 400 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ፣ ባለ ሮለር ሊፍተር ካምሻፍት (ቫልቮቹን በሊፍተር እየገፋ የሚከፍት ዘንግ) እና በፎርጅ የተሠራ የብረት ክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ያለው ነው። ሁለቱም 5.7 ሊትር ናቸው፤ ሆኖም በግማሽ ማይል መም ላይ በ604ዎች መካከል 602 ይዞ መሰለፍ ልጅዎን ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ከኋላ ያስቀምጠዋል። 602 በአብዛኛው የሚገኘው በስፖርትስማን፣ በሞዲፋይድና በስትሪት ስቶክ ክፍሎች ነው፤ ለ602 ሌት ሞዴል የተለየ ክፍል የከፈቱ ሜዳዎችም አሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊወዳደሩበት ያሰቡትን ሜዳ የመጪውን ወቅት ደንብ በጽሑፍ ይጠይቁ። የዘንድሮው ደንብ ለከርሞ ዋስትና አይሆንም።

ደንቡ 602ን የሚቀበል ከሆነ ግን፣ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኮምፕሬሽኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ ከማደያ በሚገዛ ፕሪሚየም ቤንዚን ይሠራል፤ ኮምፕሬሽኑ ከ12 ለ1 በላይ የሆነ የተሠራ ሞተር ግን የውድድር ነዳጅ ይፈልጋል፣ የጋሎኑም ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ከ6 ሺህ ዙር ብዙም ከፍ እንዲል ስለማይገደድ በሚገባ ከተያዘ ከአንድ ወቅት በላይ ሳይፈታ ይቆያል። ከሁሉም በላይ የምመለከተው ግን ለአነዳድ የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ጉልበት የተትረፈረፈበት ሞተር ያለው ልጅ ማዕዘን ላይ ሲሳሳት ነዳጁን ረግጦ ስህተቱን ይሸፍናል። በክሬት ግን ማዕዘኑን በዝግታ የወጣ መኪና ቀጥታውን መንገድ እስከ መጨረሻው በዝግታ ይጓዛል፣ የሚያካክሰው ነገርም የለም። ልጅዎ ፍሬን መቼ እንደሚለቅ፣ መሪውን ምን ያህል ማቅናት እንዳለበት፣ እርጥብ አፈር የቱ ጋ እንደቀረ ለማንበብ ይገደዳል።

ወጪን በተመለከተ፣ የክሬት ክፍል ርካሽ ነው የሚባለው በከፊል ብቻ እውነት ነው። የሁሉም ጉልበት እኩል ሲሆን ገንዘቡ ወደ ጎማና ወደ ሾክ አብዞርበር ይዞራል፤ በየሳምንቱ አዲስ ጎማ የሚያስሩ ሰዎች ጋር እየተሰለፉ በአሮጌ ጎማ መቆየት አይቻልም። ስጋትዎ ትክክል ነውና፣ ለሞተር ካሰቡት ገንዘብ ላይ ቀንሰው ለጎማ ያስቀምጡ።

መልስ 2 — ቶርኖ ቤት

የአፈር መም የተናገሩትን አክብሬ፣ ሌላውን ወገን ላቅርብ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ እስከ ኦሃዮ ድረስ ሕይወቴን ያሳለፍኩት ብሎክ በማስፋት፣ ክራንክሻፍት በመሞረድና ቴስታታ በማስተካከል ነው፤ ስለዚህ ይህ ጉዳይ ለእኔ የጉልበት ቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሼቭሮሌ ትንሹን ብሎክ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ከአንድ የቶርኖ ማሽንና ከአንድ ዳይኖ የተነሡ ሰዎች ከዚህ ሞተር ጉልበት ማውጣትን ተማሩ፤ የአካባቢ ውድድርም በእነሱ ትከሻ ቆመ። የታሸገው ሞተር ሲመጣ የእነዚህ ሰዎች ገበያ ጠበበ። ተወዳዳሪውም የማይፈታውን ሞተር ስለሚገዛ ስለ ሞተር የሚያውቀው ነገር እያነሰ ሄደ። አንድ አባት ከልጁ ጋር ጋራዥ ገብቶ ብዙ ምሽት የሚያሳልፍበት ሥራ በብሎን ተዘግቷል ማለት ነው፤ ይህን እንደ ትንሽ ኪሳራ አላየውም።

ወጪንም እንመልከት። ክሬቱ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲስፋፋ የቀረበው ምክንያት ርካሽነቱ ነበር፤ ዋጋው ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየወጣ ዛሬ 604 ከመጀመሪያው ሐሳብ በጣም ርቋል። የታሸገ ሞተር ውስጥ አንድ የክራንክ ሽፋን (ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና) ቢበላ እርስዎ የዘይት ቋቱን አውርደው መቀየር አይችሉም፤ ማኅተሙ የተፈታ ሞተር በክፍሉ ሕጋዊ ስላልሆነ ፈቃድ ወዳለው ሠሪ መላክ፣ መጠበቅ፣ ለሥራውም ለማኅተሙም መክፈል አለብዎ። 355ቱን ግን ሰኞ ማታ ዘይቱን አፍስሰው፣ ማጣሪያውን ቀደው የብረት ብናኝ ፈልገው፣ ቋቱን አውርደው ሽፋኖቹን አይተው፣ ለቅዳሜ ያደርሱታል። እንደ እርስዎ ላለ ባለሙያ የእጅ ዋጋ ዜሮ ነው፤ ክሬት ሞተር ይህንን ጥቅም ይነጥቅዎታል።

ወጪን ለመቆጣጠር ማሸግ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። አይ.ኤም.ሲ.ኤ. የተባለው የመኪና ውድድር አስተዳዳሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 በአዮዋ የሞዲፋይድ ክፍሉን ሲጀምር ሌላ ዘዴ መረጠ፤ ከውድድሩ በኋላ አንድ ተወዳዳሪ የአሸናፊውን ሞተር በደንቡ በተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ የመውሰድ መብት ሰጠ። ሞተሩ በትንሽ ገንዘብ ሊወሰድበት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር አያፈስበትም፤ የሞተር ሠሪውም ሆነ የጋራዡ ሰው ሥራ ግን አልተዘጋም። ለእኔ ይህ ከማኅተም ብሎን የበለጠ ብልሃት ያለበት ደንብ ነው።

ስለዚህ የቀረበልዎትን 355 ሳያዩት አይተዉት። ሠሪው የጻፈለትን የልኬት ወረቀት ይጠይቁ፤ የትኛው ካምሻፍት፣ ምን ዓይነት ፒስተን፣ ሽፋኖቹ መቼ ተለወጡ፣ የቫልቭ ሞላዎቹ ለስንት ምሽት አገልግለዋል የሚለው እዚያ ላይ ይገኛል። ወረቀት የሌለው ሞተር ከሆነ ዋጋው የብሎኩ፣ የክራንክሻፍቱና የቴስታታው ዋጋ ብቻ ነው። በቅርብ የሚገኙ ሜዳዎች ለተሠሩ ሞተሮች የተወሰነ የሌት ሞዴል ክፍል ካላቸው፣ በብረት ቴስታታና በጠፍጣፋ ሊፍተር የተገደበ 355 እዚያ ትክክለኛ ቦታው ነው።

አሌክሳንድርያ ጋራዥ

ለሁለታችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የቶርኖ ቤት ጋሼ የተናገሩት ስለ ማጣሪያና ስለ ሽፋን ያለው ነገር ልቤን ነክቶታል፤ የአፈር መም ስለ 604 ያሉትን ደግሞ ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ሞተሩ የታሸገ ከሆነ፣ በውስጡ ሌላ ነገር እንዳልገባበት ሜዳው እንዴት ያውቃል? ያገለገለ 602 ስገዛ ልጄ በሰው ማጭበርበር ከውድድር እንዳይታገድ ምን ማየት አለብኝ?

መልስ 3 — የምርመራ ድንኳን

ጥያቄዎ የነገሩ ሥር ስለሆነ በሰፊው ልመልስ። በካሮላይናዎች በአስፋልትም በአፈርም ሜዳዎች በቴክኒክ ምርመራ አገለግላለሁ።

ፋብሪካው ሞተሩን የሚያሽገው በማኒፎልዱ፣ በቴስታታዎቹ፣ በፊተኛው የታይሚንግ ክዳንና በዘይት ቋቱ ላይ በሚገቡ ልዩ ብሎኖች ነው። እነዚህን ሳይነካ ውስጡ መግባት አይቻልም ተብሎ ታስቦ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን የማኅተሙን ብሎን አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች መጡ። በዚህም ምክንያት የክሬት ውድድር አዘጋጆች የራሳቸውን ቁጥር ያለው ማኅተም ወደ መጠቀም፣ ሞተር እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸውን ሠሪዎች መዝግቦ ወደ መያዝና የእያንዳንዱን ሞተር ታሪክ በማኅተም ቁጥሩ ወደ መከታተል አመሩ። የአንዱ አዘጋጅ ማኅተም በሌላው ዘንድ ላይታወቅ ይችላል፤ ያገለገለ ሞተር ገዢ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ላይ ነው።

ማኅተሙን ብቻ አምነን ግን አንተወውም። የቫልቭ ክዳኖቹ ስለማይታሸጉ እነሱን አንሥተን፣ የመለኪያ ሰዓቱን መርፌ በቫልቩ ሞላ ቆብ ላይ አሳርፈን፣ ክራንክሻፍቱን በእጅ ቀስ ብለን እናዞራለን። በ602 ላይ የመግቢያው ቫልቭ 0.435፣ የመውጫው 0.460 ኢንች አካባቢ መክፈት አለበት። መርፌው ከዚያ አልፎ ከሄደ ወይ ካምሻፍቱ ወይ ሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ክንድ) ተቀይሯል፤ ሁለት ቀንና ሌሊት ክርክር ቢደረግ ይህን ንባብ የሚለውጠው የለም። የቫልቭ ሞላዎቹን ጥንካሬ በመለኪያ እንጫናለን፤ ምክንያቱም ጠንካራ ሞላ ያደረገ ሰው ሌሎች ጉልበታቸው በሚያልቅበት ዙር ላይ እሱ ይቀጥላል። ዊስለር በሚባለው መሣሪያ ቴስታታውን ሳናወርድ የኮምፕሬሽኑን መጠን እናነባለን። ካርቡሬተሩንም ማለፍ ያለበትና የሌለበት የልኬት ዘንግ እየከተትን ቀዳዳዎቹ እንዳልሰፉ እናረጋግጣለን። እነዚህን ሁሉ በየሳምንቱ የሚያደርግ ሜዳ የክሬት ክፍሉ ጤነኛ ነው፤ ማኅተሙን በዓይን አይቶ የሚያሳልፍ ሜዳ ላይ ግን ክሬት ሞተር ለሐቀኛው ሰው ብቻ የተጻፈ ሕግ ይሆናል። ስለዚህ ሜዳ ሲመርጡ ባለፈው ወቅት በምርመራ የተሰረዘ ሰው እንደነበረና በምን ምክንያት እንደተሰረዘ ይጠይቁ።

ቶርኖ ቤት ያነሡት የሞተር ሠሪዎች ጉዳይ እኔንም ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ማሸግ ከአካባቢ ሜዳ ብቻ የመጣ አይደለም። ኤ.ኤስ.ኤ. የተባለው ሀገር አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ታሸገ የጀነራል ሞተርስ ኤል.ኤስ.1 ሞተር ዞረ፤ አርካ የተባለው ሌላ የስቶክ ካር ውድድር በ2015 ኢልሞር የተባለውን ሞተር አምራች ባለ 396 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ተቀበለ፤ የናስካር የጭነት መኪና ውድድርም በ2018 ከኢልሞር የመጣ ሞተር ፈቀደ። ከላይ ያሉት ውድ ክፍሎች እንኳ የሞተሩን ወጪ ሊሸከሙት ካልቻሉ፣ ቅዳሜ ማታ በጥቂት መቶ ዶላር ሽልማት የሚሮጥ ሰው እንዴት ይሸከመዋል? በዚያ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች አብረው የሚሮጡበት መንገድም አለ። እንደ ሳውዝ ቦስተን ባሉ የአስፋልት ሜዳዎች በሌት ሞዴል ስቶክ ካር ክፍል በሠሪ የተዘጋጁ ሞተሮች፣ የጂኤም 604 እና የፎርድ 347 የታሸጉ ሞተሮች በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ። ልዩነቱ የሚጠበበው በክብደት፣ በካርቡሬተር መጠን፣ ከካርቡሬተሩ ሥር በሚገባ ሰሌዳና በሞተር ዙር ገደብ ነው። ከባድ ሥራ ነው፤ አንዱን በ25 ፓውንድ ባቀለልን ቁጥር ሌላው ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ሆኖም የሞተር ሠሪው ሥራ ሳይጠፋ ክሬቱም ቦታ የሚያገኝበት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም።

ወደ እርስዎ ግዢ ልመለስ። ሻጩ የ602ቱን የማኅተም ቁጥሮች እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ቁጥሮቹን ፎቶ አንሥተው ሊወዳደሩበት ላሰቡት ሜዳ የቴክኒክ ኃላፊ ይላኩና እንደሚቀበላቸው በጽሑፍ እንዲመልስልዎ ያድርጉ። ከዚያ የቫልቭ ክዳኖቹን አስነሥተው የተናገርኩትን ልኬት በእጅዎ ይውሰዱ፤ ማኅተም ሳይነኩ የሚሠራ ነው፣ ለእርስዎም ቀላል ነው። በየሲሊንደሩ አየር አስገብተው ምን ያህል እንደሚያፈስ ይለኩ፤ አየሩ በዘይት መሙያው ከወጣ የፒስተን ፋሻዎቹ ደክመዋል፣ በካርቡሬተሩ ወይም በጭስ መውጫው ከወጣ ቫልቮቹ አይዘጉም። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ይተዉት፤ 602 በገበያ ላይ ብዙ አለ።

የአፈር መም

የምርመራ ድንኳን የሰጡት ምክር ሙሉ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። 602 ካምሻፍቱ የሚሠራው በጠፍጣፋ ሊፍተር ነው፤ እርስዎ በጋራዥዎ በየቀኑ የሚቀይሩት የዘመናዊ መኪና ዘይት ደግሞ የዚንክ መጠኑ ስለተቀነሰ ለእንዲህ ዓይነቱ ካምሻፍት አይበቃም። የካምሻፍቱ ጉብታ ተፍቆ ካለቀ ማኅተሙ መፈታቱ ነውና ወጪው ከባድ ነው። ለውድድር የተዘጋጀ፣ ዚንክ የበዛበት ዘይት ይጠቀሙ፤ ከየውድድሩ ምሽት በኋላም ማጣሪያውን ቶርኖ ቤት እንዳሉት ቀደው ይዩት። ይህ ሥራ በታሸገ ሞተርም ላይ የእርስዎና የልጅዎ ነው።

አሌክሳንድርያ ጋራዥ

ለሰጣችሁኝ ጊዜ ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ለሁለት ሜዳዎች ጽፌ የመጪውን ወቅት ደንብና የሚቀበሏቸውን ማኅተሞች ጠይቄያለሁ። 602ን በሌት ሞዴል የሚያሰልፍ ክፍል ካላቸው ክሬቱን በተባለው መንገድ ለክቼ እገዛለሁ። ከሌላቸው ግን የ355ቱን ባለቤት የልኬት ወረቀቱን እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ፤ ወረቀቱን ካገኘሁ ቶርኖ ቤት ጋሼ፣ ካምሻፍቱንና ቴስታታውን በተመለከተ እዚሁ አስፍሬው እንዲያዩልኝ ከወዲሁ እለምናለሁ።

ቶርኖ ቤት

ያስፍሩት፣ አየዋለሁ። ከወረቀቱ ጋር የሁለቱን ቴስታታዎች የቅርጽ ቁጥር (በብረቱ ላይ አብሮ የወጣውን) እና የአንድ ካንዴላ ፎቶ ይጨምሩበት፤ ከካንዴላው ቀለም ሞተሩ ስንት ነዳጅ ሲጠጣ እንደነበር ይታያል።